መንጠቆ ስትገዙ ቁጥሩን አንብቡ

የሙያ ዓምድ

ባለፈው ሳምንት በዚህ ዓምድ ስለ ሚዛን አንብበን ነበር። ዛሬ ስለ ዓሣ ማጥመጃ ዕቃ እናነባለን። ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ኪሳችሁን ይነካል፤ የልጆቻችሁንም ራት ይነካል።

አሁን መጋቢት ነው። ሙቀቱ በርትቷል። የሽንፋ ወንዝ መፍሰሱን አቁሞ ኩሬ ኩሬ ሆኗል። ዓሣው በየኩሬው ተሰብስቧል። ጾሙም ገብቷል። በጾም ወራት ዓሣ የሚገዛ ሰው ይበዛል። ስለዚህ ብዙ ተማሪዎች «በትንሽ ገንዘብ ማጥመድ ለመጀመር ምን ልግዛ?» እያሉ ይጠይቁኛል። መልሱን ከመጻፌ በፊት የራሴን ስሕተት ልናገር።

ስሕተቱ እንዴት ሆነ?

በማታው ክፍላችን የሚማሩ አንድ አባት አሉ። ስማቸውን አልጽፍም። ታሪኩን እንድጽፍ ግን ፈቅደውልኛል። ባለፈው ጥር ሰሊጣቸውን ሸጠው ዕዳቸውን ከከፈሉ በኋላ ጥቂት ብር ተረፋቸው። «በዚህች ብር የማጥመጃ ዕቃ ልግዛ» አሉ። እኔም አብሬያቸው ገበያ ወጣሁ።

ባለሱቁ ሁለት የታሸጉ የመንጠቆ ሳጥኖች አወጣ። በአንዱ ላይ 2 የሚል ቁጥር ተጽፏል። በሌላው ላይ 12 ተጽፏል። አባታችን ወደ እኔ ዞር አሉና «የኔታ፣ ለአምባዛ የትኛው ይሻላል?» አሉኝ።

እኔ ሳጥኑን አልከፈትኩም። ቁጥሩን ብቻ አየሁ። «አባቴ፣ አምባዛ ትልቅ ዓሣ ነው። 12 ደግሞ ከ2 ይበልጣል። 12ቱን ይውሰዱ» አልኳቸው።

ባለሱቁ ቀጥሎ የሚያብረቀርቅ ዘንግ ከነመዘውሩ አሳየን። በመዘውሩ ላይ ቀጭን ክር ተጠምጥሟል። እኔም «ይህማ ዘመናዊ ነው!» አልኩ። የቀረችው ብር በዚያ አለቀች።

ማታ ኩሬው ዳር ተቀምጠን ሳጥኑን ከፈትነው። መንጠቆዋ ከገብስ ፍሬ እምብዛም አትበልጥም። አባታችን በመዳፋቸው ይዘው ትንሽ አዩዋትና «ይቺ የዓሣ ናት ወይስ የቁንጫ?» አሉ። እኔ ዝም አልኩ።

በመጀመሪያው ማታ አምባዛ ያዘ። መንጠቆዋ እንደ መርፌ ቀጥ አለችና ዓሣው ሄደ። በሁለተኛው ማታ ክሩ ተበጠሰ። በሦስተኛው ማታ መዘውሩ ውስጥ አሸዋ ገባና አልዞር አለ። ሦስት ማታ ባዶ እጃቸውን ቤት ገቡ። ልጆቹ ድስት ጥደው ይጠብቁ ነበር።

በማግሥቱ ይቅርታ ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦ «አንተ ቁጥሩን አነበብክ። እኔ አንተን አመንኩ። መንጠቆዋን ግን ሁለታችንም አላየናትም።»

እውነታቸውን ነው። ቁጥር ማንበብ ጥሩ ነው። ቁጥሩ ምን እንደሚቆጥር ማወቅ ደግሞ የበለጠ ጥሩ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚያውቁ ሰዎችን ጠየቅሁ፤ መጽሐፍም አየሁ። የተማርኩትን ይኸው እጽፋለሁ።

የመንጠቆ ቁጥር እንዴት ይነበባል?

የመንጠቆ ቁጥር ወደ ኋላ ይሄዳል። ቁጥሩ ሲበዛ መንጠቆው ያንሳል። ቁጥር 12 ትንሽ ነው። ቁጥር 8 ከ12 ይበልጣል። ቁጥር 4 ከ8 ይበልጣል። ቁጥር 1 ከእነዚህ ሁሉ ይበልጣል።

ይህ ነገር ለእናንተ አዲስ አይደለም። ቤቱን በቆርቆሮ የከደነ ሰው ያውቀዋል። 28 ጌጅ ቆርቆሮ ከ32 ጌጅ ቆርቆሮ ይወፍራል። የመንጠቆም ነገር እንደዚያው ነው።

ከ1 በላይ ያለው ትልቅ መንጠቆ ሌላ አጻጻፍ አለው። 1/0፣ 2/0፣ 3/0 ተብሎ ይጻፋል። ከቁጥሩ ጎን ጋደል ያለ ሰረዝና ዜሮ ካያችሁ ቆጠራው ተገልብጧል ማለት ነው። እዚህ ላይ ቁጥሩ ሲበዛ መንጠቆውም ይተልቃል። 3/0 ከ1/0 ይበልጣል።

እንግዲህ ለየትኛው ዓሣ የትኛው ይሻላል?

ለቆሮሶ፦ አፉ ትንሽ ነው። ከቁጥር 6 እስከ ቁጥር 10 ይበቃዋል። ቆሮሶ ቲላፒያ የሚባለው ዓሣ ነው።

ለነጭ ዓሣ፦ አንዳንድ ሰው ቢልጫ ይለዋል። ቁጥር 4 ወይም ቁጥር 6 ይሆነዋል።

ለአምባዛ፦ አፉ ሰፊ ነው፤ ጉልበቱም ብርቱ ነው። ከ1/0 እስከ 3/0 ያስፈልገዋል።

ሆኖም የአንዱ ፋብሪካ ቁጥር 4 ከሌላው ፋብሪካ ቁጥር 4 ጋር ሁልጊዜ እኩል አይሆንም። ስለዚህ ቁጥሩን ካነበባችሁ በኋላ «እስቲ ክፈተውና አሳየኝ» በሉ። ገንዘቡ የእናንተ ነው። ማየት ነውር አይደለም።

መንጠቆውን ስታዩ ሦስት ነገር ፈትኑ። አንደኛ፣ ጫፉን በአውራ ጣታችሁ ጥፍር ላይ ቀስ አድርጋችሁ ጎትቱት። ከተንሸራተተ ደንዟል። ጥፍራችሁን ቆንጠጥ አድርጎ ከያዘ ስል ነው። ሁለተኛ፣ ዝገት መኖሩን እዩ። ሦስተኛ፣ በሁለት ጣት ይዛችሁ ትንሽ ለቀቅ አድርጋችሁ ክፈቱት። እንደ ሽቦ ተጣሞ ከቀረ አትግዙት። ወደ ቦታው ከተመለሰ ደኅና ነው።

ክሩስ?

የማጥመጃ ክር ከናይለን የተሠራ ነው። በጥቅሉ ላይ ሁለት ቁጥር ይጻፋል። አንዱ ውፍረቱ ነው፤ በሚሊ ሜትር ይለካል። ሌላው ሳይበጠስ የሚችለው ክብደት ነው፤ በኪሎ ይለካል።

እዚህ ላይ ቁጥሩ እንደ መንጠቆ ወደ ኋላ አይሄድም። 0.50 ከ0.30 ይወፍራል። በግምት 0.30 የሆነ ክር አምስት ኪሎ ያህል ይችላል። 0.40 የሆነው ዘጠኝ ኪሎ ያህል ይችላል። 0.50 የሆነው ከአሥር ኪሎ በላይ ይችላል። ለቆሮሶ 0.30 ይበቃል። ለአምባዛ ግን 0.50 ወይም ከዚያ በላይ ግዙ። እኛ የተበጠሰብን የዛፍ ሥር ስላገኘው አልነበረም፤ ክሩ ለቆሮሶ የሚሆን ስለነበረ ነው።

ናይለን ፀሐይ አይወድም። በሱቅ ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተሰቅሎ የከረመ ክር በመልኩ አዲስ ይመስላል፤ ጉልበቱ ግን አልቋል። ስለዚህ ክንድ ያህል ፍቱና በሁለት እጃችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ሳቡት። ወዲያው ከተበጠሰ ለባለሱቁ መልሱለት። ቤትም ስትወስዱት ጥላ ውስጥ አስቀምጡት።

ብዙ ዓሣ የሚያመልጠው በቋጠሮ ምክንያት ነው። አንድ ቋጠሮ ብቻ ብታውቁ ይበቃል። የክሩን ጫፍ በመንጠቆው ቀዳዳ አስገቡ። ጫፉን በዋናው ክር ላይ አምስት ጊዜ ጠምጥሙ። ከዚያ ጫፉን መልሳችሁ ከቀዳዳው አጠገብ ባለችው ክፍተት አስገቡ። አሁን በምራቃችሁ አርጥቡት፤ ቀስ ብላችሁ አጥብቁት። በደረቁ ከጠበቀ እርስ በርሱ ተፋትጎ ይግላል፤ ይዳከማል።

ከቤት የሚገኝ ዕቃ

መንጠቆና ክር ግዙ። የቀረውን ከቤትና ከዱር ታገኙታላችሁ።

ዘንግ፦ በቆላችን ሽመል ሞልቷል። ቀጥ ያለ፣ የሰው ቁመት እጥፍ የሚሆን ሽመል ምረጡ። ቆርጣችሁ ጥላ ውስጥ ሁለት ሳምንት አድርቁት። ፀሐይ ላይ ካደረቃችሁት ይሰነጠቃል። ጫፉ ላይ የዘንጉን ያህል ርዝመት ያለው ክር እሰሩ። መዘውር አያስፈልግም። በጃፓን ተራራማ አገር ያሉ ሰዎች እስከ ዛሬ ድረስ መዘውር በሌለው ዘንግ ያጠምዳሉ። ይህን አጠማመድ «ተንካራ» ይሉታል። እንግዲህ ያለ መዘውር ማጥመድ ኋላ ቀርነት አይደለም። በእኛ ኩሬ ሩቅ መወርወር አያሻም፤ ዓሣው ከእግራችሁ ሥር ነው።

ተንሳፋፊ፦ ደረቅ የበቆሎ ቆረቆንዳ ወይም ከተጣለ ነጠላ ጫማ የተቆረጠ ቁራጭ ይሆናል። ሲጠልቅ ዓሣው ያዘ ማለት ነው።

ማጥለቂያ፦ አሮጌ ዳዶ ወይም ቀዳዳ ያለው ትንሽ ድንጋይ ይበቃል። ከአሮጌ ባትሪ እርሳስ አውጥታችሁ አታቅልጡ። ጢሱ መርዝ ነው፤ ይልቁንም ሕፃናትን ይጎዳል።

ማባበያ፦ ለአምባዛ የዶሮ አንጀት ወይም ጉበት ጥሩ ነው። አምባዛ በጨለማና በድፍርስ ውሃ ምግቡን በሽታና በአፉ ዙሪያ ባለው ሪዝ ይፈልጋል። ለቆሮሶ የመሬት ትል ወይም ጠንከር ያለ ሊጥ ይሆናል። ለነጭ ዓሣ ፌንጣ ይሻላል።

ሒሳቡን እንሥራ። ያላችሁ ገንዘብ አሥር እጅ ነው እንበል። አምስቱን እጅ ለክር፣ አራቱን እጅ ለመንጠቆ አውጡ። አንዱን እጅ አስቀምጡ። መንጠቆ በዛፍ ሥር ተይዞ ይቀራልና ምትክ መግዣ ይሆናችኋል። ለዘንግ ምንም አታውጡ። እኛ ግን ያን ዕለት ገንዘቡን ከሞላ ጎደል ለዘንግ አውጥተን ለክርና ለመንጠቆ የተረፈውን ሰጠን። ዓሣውን የሚይዘው መንጠቆ ነው። የሚያወጣው ክር ነው። ዘንግ የሚያግዝ ብቻ ነው።

በላባ ዝንብ ማጥመድ

አንድ ተማሪ «ፈረንጆች በዝንብ ያጠምዳሉ ይባላል፤ እውነት ነው?» ብሎ ጠይቆኛል። እውነት ነው። ዝንቧ ግን የእውነት ዝንብ አይደለችም። በትንሽ መንጠቆ ላይ ላባና ክር ተጠምጥሞ ዝንብ እንዲመስል ይደረጋል። በአገራችንም በባሌ፣ በዲንሾ አካባቢ፣ በዌብ ወንዝ በዚህ መንገድ ይጠመዳል። በዚያ ያለው ትራውት የተባለው ዓሣ ከኬንያ የመጣ ነው።

ይህ አጠማመድ ለምን ውድ ሆነ? ላባ ክብደት የለውም። እንደ ድንጋይ አይወረወርም። ስለዚህ ክብደት ያለው ልዩ ክር፣ ያንን ክር የሚወረውር ልዩ ዘንግና መዘውር ይገዛል። ለጀማሪ ገበሬ ይህ አይመከርም። ለአምባዛማ ብዙም አይሆንም፤ አምባዛ ይበልጡን በሽታ ነው የሚያድነው፤ ላባ ደግሞ ሽታ የለውም።

ለነጭ ዓሣ ግን ብልሃቱን በነፃ መሞከር ትችላላችሁ። ቁጥር 8 መንጠቆ ውሰዱ። ከአውራ ዶሮ አንገት አንድ ላባ ንቀሉ። በልብስ መስፊያ ክር መንጠቆው ላይ ጠምጥሙት። መጨረሻውን ቋጥራችሁ ሰም ቀቡት። በረዥሙ የሽመል ዘንግ፣ ማጥለቂያ ሳታስሩ፣ በውሃው ፊት ላይ ቀስ አድርጋችሁ አሳርፉት። ጠዋትና ወደ ማታ ላይ ጥላችሁ በውሃው ላይ እንዳይወድቅ ተጠንቀቁ። ካልያዘላችሁ ላባውን ፍቱና ሕያው ፌንጣ ሰኩበት። ፌንጣ የድሃ ሰው ዝንብ ነው።

በርካሽ የሚገኝ፣ ግን የማይጠቅም

አንዳንድ ነገር ያለ ገንዘብ ይገኛል። ዋጋው ግን በኋላ ይከፈላል።

አጎበር የዓሣ መረብ አይደለም። ዓይኑ ጠባብ ስለሆነ ገና ያላደገውን ጫጩት ዓሣ ሁሉ ይጠርጋል። የተነከረበት መድኃኒትም ዓሣ ይገድላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ አጎበሩ ወንዝ ከወረደ ማታ ልጃችሁን ከወባ ትንኝ ማን ይከልለዋል?

የብርብራ ፍሬ ፈጭቶ ውሃ ውስጥ መበተን ጥንት የቆየ ልማድ ነው። ብርብራ ዓሣውን ትንፋሽ ያሳጣዋል። ትልቁንም ትንሹንም አንድ ላይ ይጨርሳል። በጋ ላይ ኩሬው አይፈስም፤ መርዙም ታጥቦ አይሄድም። ከብትም ሰውም የሚጠጣው ከዚያው ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 በመርዝና በፈንጂ ማጥመድን ይከለክላል። በአልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ ክልል ውስጥም ማጥመድ አይፈቀድም።

ሴቷ ቆሮሶ ዕንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ትይዛለች። አፏ የሞላ ቆሮሶ ካገኛችሁ መልሷት። ክረምት ሲገባ ደግሞ ነጭ ዓሣና አምባዛ ለመራባት ይንቀሳቀሳሉ። ያን ጊዜ እጃችሁን ሰብስቡ። በበጋ ከኩሬ የምታወጡት ዓሣ በክረምት ከተረፈው የሚመጣ ነው።

ለራሳችሁም ተጠንቀቁ። አዞ አለ በሚባልበት ኩሬ ውሃ ውስጥ አትቁሙ። አምባዛን ስትይዙ በጎንና በጎኑ ያለው እሾህ እንዳይወጋችሁ። ማታ ስታጠምዱ ግራር ሥር አትተኙ። በእኛ ቆላ ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ እዚያ ትገኛለች።

የጥንት ሰዎች በሽንፋ

በጎረቤታችን በመተማ፣ በሽንፋ ወንዝ አካባቢ፣ ሊቃውንት መሬት ቆፍረው የጥንት ሰዎች መኖሪያ አግኝተዋል። የጥናቱ ውጤት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ኔቸር በተባለ የሳይንስ መጽሔት ታትሟል። ሰዎቹ የኖሩት ከዛሬ 74,000 ዓመት በፊት ነው። በዚያ ዘመን በኢንዶኔዥያ ቶባ የተባለ ታላቅ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ነበር። ከዚያ በኋላ በሽንፋ አገሩ ይበልጥ ደረቀ። ሰዎቹ ግን አልጠፉም። ወንዙ ኩሬ ኩሬ ሲሆን ዓሣውን እያወጡ ይበሉ ነበር። ሊቃውንቱ ይህን ያወቁት ከአመዱና ከአጥንቱ ነው፤ የዓሣው አጥንት በዝቶ ተገኝቷል።

እነዚያ ሰዎች መዘውር አልነበራቸውም። ኩሬውን ግን ያውቁ ነበር። እናንተም ታውቁታላችሁ። በየትኛው ወር ውሃው እንደሚጎድል፣ አምባዛ በየትኛው ጭቃ ሥር እንደሚተኛ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ፊደል የሚጨምርላችሁ በሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ነው። ሁለቱ ሲገናኙ ማንም አያታልላችሁም።

አባታችን የት ደረሱ?

አባታችን በየካቲት እንደገና ገበያ ወጡ። በዚህ ጊዜ ሳጥኑን ራሳቸው አነበቡ። «ሁለት በዜሮ» ብለው ጮክ ብለው አነበቡና «ክፈተው» አሉ። ሦስት መንጠቆ ብቻ ገዙ። አንዱን በጥፍራቸው ፈትነው መለሱት፤ ሌላ አስቀየሩ። ባለ 0.50 ክርም ጨመሩ። ዘንጉን ከሽመል ሠሩ። በሁለተኛው ማታ አንድ አምባዛ ይዘው ቤታቸው ገቡ።

ለመጀመሪያው ዘንግ የወጣው ብር ግን አልተመለሰም። ግማሹን ከኪሴ ልክፈል ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም «ገንዘቡን ተወው። ይልቅ ጻፈው፤ ሌላው ሰው እንዳይከስር» አሉኝ። ይኸው ጻፍኩት።

አዲስ ቃላት

መዘውር፦ ክር የሚጠመጠምበትና የሚዞር ዕቃ።
ማባበያ፦ ዓሣውን ለመሳብ መንጠቆ ላይ የሚሰካ ምግብ።
ጌጅ፦ የቆርቆሮ ውፍረት መለኪያ።

ጥያቄዎች

1. ቁጥር 4 እና ቁጥር 10 መንጠቆ ቢቀርቡላችሁ ትልቁ የትኛው ነው?
2. 1/0 እና 3/0 ቢቀርቡላችሁስ?
3. 60 ብር ቢኖራችሁ ከአሥር እጅ አምስቱ እጅ ለክር ስንት ብር ይሆናል? አራቱ እጅ ለመንጠቆስ?
4. አጎበር ለዓሣ ማጥመጃ የማይሆንበትን ሦስት ምክንያት ጻፉ።
5. ከቤታችሁ ቁጥር የተጻፈበት አንድ ዕቃ አምጡ። ቁጥሩ ምን እንደሚቆጥር ለክፍል ጓደኞቻችሁ አስረዱ። ካላወቃችሁት አብረን እንጠይቃለን።

በሚቀጥለው ሳምንት ዓሣን ያለ ብልሽት ስለ ማድረቅ እናነባለን። ደኅና ሰንብቱ።